የሰባታሚት መንገድና የታመመ ልጅ ስንቅ

ልጅ ሲታመም ቤቱ በሙሉ ይታመማል። እናት ምድጃዋን ትታ ከታማሚው ራስጌ ትቀመጣለች። አባት በጉን ወይም ጊደሩን ለመሸጥ ገበያ ይወጣል። የቀሩትን ልጆች አያት ወይም ጎረቤት ይይዛቸዋል። ማሳው ሳይታረም ይሰነብታል፤ ላሟን የሚያልባት ይጠፋል። ስለዚህ ከሆስፒታል በር የሚደርሰው አንድ ሕፃን ቢሆንም ከበስተጀርባው የሚናጋው አንድ ሙሉ ጎጆ ነው። ሐኪሙ ሕፃኑን ሲያክም ጎጆውንስ ማን ይደግፈዋል? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ሰባታሚት ይወስደናል።

ባሕር ዳርን በሐይቋ፣ በዘምባባዎቿና በአባይ የሚያውቃት እንግዳ ብዙ ነው። ጣናን ከጀርባው አድርጎ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ የሚወጣ መንገደኛ ግን ሌላ ባሕር ዳር ያያል። ፎቆቹ እየቀነሱ የቆርቆሮ ቤቶች ይበዛሉ፤ ባጃጆቹ እየሳሱ ጭነት የተሸከሙ አህዮች ይተካሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ በየጓሮው ማንጎና ጌሾ ይታያል። እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚገቡ ሴቶች ከከተማ ዘይትና ሳሙና ገዝተው ከሚመለሱት ጋር መንገድ ላይ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ሰባታሚት ይህ ነው፤ ከተማና ገጠር ተገናኝተው ሰላም የሚባባሉበት ሠፈር።

ሰባታሚት ሲባል ቀደም ሲል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነበር። ዛሬ ግን በዚሁ በአዴት መንገድ የሚጓዘው ሰው አብዛኛው ወደ ሕክምና የሚሄድ ወይም ከሕክምና የሚመለስ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ግዮን የአባይ ጥንታዊ ስሙ ነው። ከዚያ በፊት የአካባቢው ሕዝብ ዋና ተስፋ በ1950ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው በከተማው ውስጥ ያለው የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ነበር። አሁን ሁለቱም ጎን ለጎን ያገለግላሉ። ከጎጃም፣ ከአዊ፣ ከደቡብ ጎንደር የሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከሁለቱ ወደ አንዱ ይሄዳሉ።

ስንቁ ሲያልቅ

በሕፃናት ሕክምና አካባቢ ጥቂት ሰዓት የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ታማሚው አንድ ሲሆን አስታማሚው ሁለትና ሦስት ነው። በሕንፃው ጥላ ሥር ነጠላቸውን አንጥፈው የተቀመጡ ሴቶች አሉ። አንዷ ጀሪካን ይዛ ውኃ ትቀዳለች፤ ሌላዋ የልጅ ጨርቅ አጥባ ታሰጣለች፤ ሌላዋ በፌስታል የቋጠረችውን ዳቦ ትቆርሳለች። ከሩቅ ለመጣ ሰው ይህ ግቢ ለሳምንታት ቤት ነው።

ከመካከላቸው ከይልማና ዴንሳ ገጠር የመጡ አንዲት አያት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ያስታመሙት የልጅ ልጃቸውን ነው።

«እማማ፣ ልጁ እንዴት ዋለ?» አልኋቸው።

«ተመስገን፣ ልጄ፤ ትንፋሹ ተመለሰለት» አሉኝ። «ሳንባ ምች ነው አሉን። ሐኪሞቹስ ምን አጎደሉ፤ ያጠረው የእኛ ስንቅ ነው እንጂ። የሦስት ቀን በሶና ዳቦ ቋጥሬ ወጣሁ፤ እነሱ ደግሞ ሰባት ቀን ቆዩ አሉን። በአራተኛው ቀን ‹ተሽሎታል፣ ይዤው ልግባ› ብዬ ተነሥቼ ነበር።»

«ታዲያ ምን አስቆየዎት?»

«ኸጎኔ ያሉት እናቶች ናቸዋ! አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ሳሙና አካፈሉኝ። ‹መርፌው ሳያልቅ ኸወሰዱት ይመለስብዎታል› ብለው ያዙኝ። እነሱም እኮ እንደኔው የቸገራቸው ናቸው።»

በዚህ አጭር ጭውውት ውስጥ የዛሬው ርዕሳችን ሙሉ በሙሉ አለ። ሕፃኑን ያዳነው የሐኪሙ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ እስኪያልቅ ያቆየው ግን የጎረቤት እንጀራ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። የሳንባ ምች መድኃኒት በመካከል ቢቋረጥ በሽታው ሊያገረሽና ሊጠና ይችላል። ሕክምናው ሳምንት ሳይሆን ወራትና ዓመታት የሚጠይቅ በሽታ ሲሆንማ ጉዳቱ የከፋ ነው። በሕፃናት ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ብዙዎቹ በጊዜ ከታከሙ የሚድኑ ናቸው። ይሁን እንጂ እንደኛ ባሉ አገሮች ብዙ ቤተሰብ ሕክምናውን ጀምሮ በመካከል ያቋርጣል። ለዚህም አንደኛው ምክንያት የልጁ መጥላት ወይም የእናቱ ቸልተኝነት ሳይሆን የመኪና መሳፈሪያ፣ የማደሪያና የቀለብ እጦት ነው።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የደረሰው ግጭት መንገድ በዘጋባቸው ቀናት የሦስት ቀን ስንቅ የያዘች እናት አሥር ቀን ልትቆይ እንደምትችል መገመት አያዳግትም። መውጫ ወረቀት በእጇ ይዛ የምትሳፈርበት መኪና ያጣች እናት ከታማሚው ባላነሰ ረዳት ያስፈልጋታል።

ከቃሬዛ እስከ ጤና መድን

ለታመመ ሰው መዋጣት ለጎጃም ገበሬ አዲስ ትምህርት አይደለም። መኪና በማይገባበት ገጠር በሽተኛ የሚጓዘው በቃሬዛ ነው። በብዙ ቀበሌዎች ለዚህ ተብሎ የተቋቋመ ማኅበር አለ። ጥሪ ሲሰማ ጎልማሶቹ ከያሉበት ይሰበሰባሉ፤ አራት አራት እየሆኑ እየተቀባበሉ ዳገት ቁልቁለቱን ወጥተው ወርደው ከመኪና መንገድ ወይም ከጤና ጣቢያ ያደርሳሉ። ሳይመጣ የቀረ ይቀጣል። ምጥ የያዛትም ሆነ ትኩሳት ያናወዘው ሕፃን የሚሸከመው የሚያውቀው ሰው ትከሻ ነው። ሴቶቹ ደግሞ በበኩላቸው ስንቅ ያዘጋጃሉ፤ የቀረውን ቤት ይጠብቃሉ።

ይኸው ልማድ በጤና ጣቢያዎች ባሉት የእናቶች ማቆያ ቤቶችም ይታያል። መውለጃዋ የደረሰ የሩቅ እናት በማቆያው እንድትሰነብት የአካባቢው ሕዝብ እህል፣ ቅቤ፣ ቡናና ማገዶ የሚያዋጣባቸው ቦታዎች በአገራችን ብዙ ናቸው። ለአራሷ ገንፎ ተገንፍቶ የሚቀርበው ከጎረቤት ጓዳ በወጣ ዱቄት ነው።

ከእድርና ከቃሬዛ ማኅበር መንፈስ ጋር የሚቀራረብ ሌላም ሥራ አለ። ይኸውም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ከሦስቱ ሁለቱ የጣና አካባቢ ወረዳዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡ ሲታመም በመንግሥት ጤና ተቋም ይታከማል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ጤነኛው በከፈለው የታመመው ይታከማል ማለት ነው፤ ሲታሰብ እድር ለቀብር የሚያደርገውን ይህ ለሕይወት ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ መድኑ የሚከፍለው ለሕክምናው ነው። ለአስታማሚዋ እንጀራ፣ ለመሳፈሪያ፣ ለሳሙና፣ ለማደሪያ አይከፍልም። መንግሥት ሕንፃውን፣ ባለሙያውንና አልጋውን ያቀርባል፤ መድኑ ካርዱንና መድኃኒቱን ይሸፍናል፤ በእነዚህ መካከል የቀረችው ጠባብ ክፍተት ግን ሕፃናት የሚወድቁባት ናት። የሕዝብ ልገሳ ዋናው ቦታውም ይህ ክፍተት ነው።

የሌሎች ልምድ

በአገራችን ሕዝብ ለታመሙ ሕፃናት ተሰባስቦ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳዩ ሥራዎች አሉ። ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን በ1981 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ በአገር ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ማዕከል አልነበረም። ሕፃናቱ ዕድል ሲያገኙ ወደ ውጭ ይላኩ ነበር፤ ተራቸው ሳይደርስ የቀሩት ብዙ ናቸው። ከአገር ውስጥና ከውጭ በተገኘ እርዳታ ማዕከሉ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ። ከብሪታንያ የመጣው «ቼይን ኦቭ ሆፕ» የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ዋነኛ አጋር ነበር።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ቃል ማስገባት ተገቢ ነው። በልጅነት ከሚደርሱት የልብ በሽታዎች አንዱ ክፍል የሚነሣው በወቅቱ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ የታዘዘውንም መድኃኒት እስከ መጨረሻው መስጠት ነገ በብዙ ገንዘብ የማይገኘውን ጤና ዛሬ በጥቂት ያድናል።

የካንሰሩን ነገር ብናነሣ፣ አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ትንሽ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማኅበር አቋቋሙ። የታመሙ ሕፃናት ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስ የተባለው ድርጅትም ከየክልሉ ለሕክምና አዲስ አበባ ለሚመጡ ሕፃናትና ወላጆቻቸው ማደሪያና ምግብ ይሰጣል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ወላጆች ሆስፒታል አልሠሩም። እነሱ ያሰቡት ሐኪም ቤቱ ዘንድ የሚያደርሰውን መንገድና የሚያስጠጋውን ጣራ ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ የት እንደሆነ በራሳቸው ላይ ደርሶ አይተውታል።

ወደ ቀድሞው ዘመን ብንመለስ ደግሞ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ታሪክ እናገኛለን። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ይህ ሆስፒታል በ1852 በ10 አልጋ ሲከፈት የቆመው በሕዝብ ልገሳ ነው። በ1858 ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ ለሆስፒታሉ ገንዘብ ለማስገኘት በአደባባይ ድርሰቱን አንብቧል፤ በ1929 ደግሞ ደራሲው ጄምስ ባሪ «ፒተር ፓን» የተባለውን ሥራውን የባለቤትነት መብት ለሆስፒታሉ ሰጥቷል። በ1948 የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምናውን ወጪ ከተረከበ በኋላም ሕዝቡ መስጠቱን አላቆመም፤ ለሩቅ ወላጆች ማደሪያ ከሚሆነው ገንዘብ ዛሬም የሚገኘው ከልገሳ ነው።

ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ገና በወጣትነታቸው በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ወዳጃቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠራ ደከሙ፤ ሆስፒታሉም በ1951 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ይኸው ነው። ለንደን ውስጥ ለታመሙ ሕፃናት የተጣለች ሣንቲም አንዲት ኢትዮጵያዊት አስተምራ፣ በእሷ ስም ደግሞ ሌላ መዋጮ አስነሥታ አዲስ አበባ ድረስ መጣች ማለት ይቻላል።

አባይም የሚነግረን ነገር አለ። ከባሕር ዳር የሚነሣው ውኃ በመጨረሻ የሚያልፍባት ካይሮ በ2007 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ልገሳ የተሠራ የሕፃናት ካንሰር ሆስፒታል ከፍታለች። ስሙ 57357 ነው፤ ይህም ሕዝቡ ገንዘብ ያስገባበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። ሕፃናት በነፃ ይታከሙበታል። ሆኖም በ2018 በአገሩ ጋዜጣ ስለ ገንዘቡ አወጣጥ ብርቱ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ከልቡ የሚሰጠው ገንዘብ ከሌላው ገንዘብ የበለጠ በጥንቃቄ ሊያዝና ሊቆጠር ይገባዋል።

ከእኛ ቤት ምን ይውጣ?

አንባቢዬ፣ «እኔ የወር ደመወዜ ከወር አያደርሰኝም፤ ለሆስፒታል ምን እሰጣለሁ?» ትይ ይሆናል። መልሱ ከምታስቢው የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ ገንዘብ የማይገዛው ስጦታ ደም ነው። በጣና ዙሪያ ከክረምቱ መውጣት በኋላ ወባ ሲበረታ ደማቸው የሚያንሰው በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። የደም ባንክ አገልግሎት በ1961 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ በ2004 ዓ.ም. ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላልፏል፤ በባሕር ዳርም የደም ባንክ አለ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊለግስ ይችላል። ደም ግን ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ቀዩ የደም ክፍል ከአንድ ወር ብዙም አይዘልም፤ ፕላትሌት የሚባለው ክፍል ደግሞ በአምስት ቀን ይበላሻል። ስለዚህ በበዓል ሰሞን አንድ ሺህ ሰው ተሰልፎ ከዚያ ለወራት ከሚጠፋ በየሳምንቱ ጥቂት ሰው እየተፈራረቀ ቢሄድ ይበልጣል።

የደሙ ምሳሌ ለሌላውም ልገሳ ይሠራል። ገና፣ ፋሲካና አዲስ ዓመት ሲደርስ ወደ ሕፃናት ክፍል የሚጎርፈው ሰው ብዙ ነው። ዳቦው፣ ብስኩቱና አሻንጉሊቱ በአንድ ቀን ይትረፈረፋል። በግንቦትና በሐምሌ፣ ገበሬው እህሉን ጨርሶ ጎተራው በሚራቆትበት ጊዜ ግን የሚመጣ የለም። ችግሩ የሚብሰው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። እንግዲያስ አንድ የቡና ማኅበርተኞች ወይም አንድ እድር ወር እየለየ ቢይዝ፣ ጥቂት በሶ፣ ሽሮ፣ ሳሙናና የመሳፈሪያ ገንዘብ በየወሩ ቢያደርስ ልገሳው ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል።

ሁለተኛው ነገር ሳይጠይቁ አለመስጠት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ማነጋገር ያስፈልጋል። በርኅራኄ ተነሣሥተው የዱቄት ወተት ገዝተው የሚሄዱ አሉ። ሐኪም ሳያዝ ለአራስ የሚሰጥ የዱቄት ወተት ግን የእናትን ጡት ያስተዋል፤ ንጹሕ ውኃ ባልተገኘበትም ተቅማጥ ያመጣል። ከቤት የተረፈ መድኃኒትም አይሰጥም። በአንጻሩ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ንጹሕ፣ ለስላሳና ሰፋ ያለ ጨርቅ ትልቅ ስጦታ ነው። እናት ሕፃኑን በደረቷ ላይ ገላ ለገላ አድርጋ ታስረዋለች፤ የገላዋ ሙቀት ያሞቀዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ የተጀመረው ይህ ዘዴ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። የሚጠይቀው የእናቲቱን ደረት፣ ጨርቅና ጊዜ ነው። ጊዜ እንድታገኝ ግን የሚያበላት ሰው ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። እድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ተብሎ በአባላት ፊት ይነበባል። ለሕፃናት የምናዋጣውም እንዲሁ ይሁን። ስንት እናት ተሳፈረች፣ ስንት ቀን ቀለብ ተሰጠ ተብሎ ይጻፍ። የሕፃኑን ፎቶግራፍ እያነሡ፣ ስሙንና በሽታውን ለአገር እያሳዩ መለመን ግን አያስፈልግም፤ የድሃ ልጅም ምስጢሩ ሊጠበቅለት ይገባል። ሥራው በቁጥር ከታወቀ የነገ ሰጪ አይጠፋም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ከይልማና ዴንሳ የመጡት አያት ያገኙት ይህንኑ ነው፤ የተቸገረ ከተቸገረ ተካፍሎ ሰባቱን ቀን ሞላላቸው። ይሁን እንጂ ልጅን በአልጋው ላይ የማቆየቱ ኃላፊነት በአጠገቡ ባሉ በተራቡ እናቶች ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። በአዴት መንገድ በየቀኑ የምናልፍ እኛ፣ በየቤታችን ሽሮ የምንቀምም፣ በየወሩ እድር የምንከፍል፣ በየሳምንቱ ቡና የምንጠጣ ሁሉ ከዚያ ሸክም አንድ አንድ ሎሚ ልናነሣ እንችላለን። በመጪው የቡና ተራችሁ ጉዳዩ ይነሣ፤ ከመካከላችሁም አንዷ ወደ ሕፃናት ክፍል ሄዳ «በዚህ ወር የጎደላችሁ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቅ።